በጓሳ አፋፍ ላይ ያንድ ቀን መንሸራሸር

በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ እንግዳ አቀባበል ደጋግመን ጽፈናል። ዛሬ ደግሞ ከቤት ወጥቶ ስለ መዋል ጥቂት ቃል ለመናገር ወደድን። ከአንባቢዎቻችን መካከል አንዳንዶቹ፥ «ሥራ ከበዛበት ሰሞን በኋላ ቤተ ሰባችንን ይዘን አንድ ቀን የምንውልበት፥ ልባችንም የሚያርፍበት ስፍራ ወዴት ነው?» ብለው ጠይቀውናል። ለጥያቄው መልስ የምንሰጠው በጥቅምት 2012 ዓ.ም. እኛው ራሳችን ያየነውን በመተረክ ነው፤ በትረካው ውስጥ የሚያሳፍረን ነገር ቢገኝም አንደብቀውም።

ባሕር ባላቸው አገሮች ሰዎች ለዕረፍት ሲወጡ ልማዳቸው የታወቀ ነው። በዛንዚባር ወይም በሲሸልስ ደሴቶች ስድስት ወይም ስምንት ሆነው በትንሽ ጀልባ ይሳፈራሉ፤ የአገሩን ባሕር የሚያውቅ መሪ የዳርቻውን ጥግ ጥግ ይዞአቸው ይዞራል፤ ዓሣውን፥ ዐለቱንና የዘንባባውን ጥላ አሳይቶ ማታ ወደ ማደሪያቸው ይመልሳቸዋል። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለውን መንሸራሸር የሚሻ ሰው ብዙ ገንዘብ ይዞ ወደ ውጭ አገር መሄድ ያለበት ይመስለዋል። ሆኖም በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ ጌራ ምድር፥ የደጋው መሬት በድንገት ተቈርጦ ወደ ቆላው የሚወርድበት አፋፍ አለ። በማለዳ ከዚያ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ብዙ ጊዜ ከእግሩ በታች የሚያየው መሬትን ሳይሆን ደመናን ነው። ደመናው እስከ አድማስ ድረስ ነጭ ሆኖ ተኝቶ፥ እዚህና እዚያ የተራራ ራስ ብቅ ብሎበት ሲታይ፥ ባሕርና ደሴት አይደለም ብሎ ዓይንን ማሳመን ያስቸግራል። ስፍራው ጓሳ ይባላል።

ጓሳ ስሙን ያገኘው ከሚበቅልበት ሣር ነው። ስፋቱ አንድ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በቆላው የሚገኘው የሸዋ ሮቢት ከተማ ከፍታው 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ በአፋፉ ላይ ብርድ ሲያንቀጠቅጠን በዚያው ሰዓት ከታች ያለው ሰው ከፀሓይ ሸሽቶ ጥላ ይፈልጋል። ዝናቡም በዚህ ደጋ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ወደ ምዕራብ የወረደው ውሃ መርሐ ቤቴን ከሚያዋስነው ከጀማ ወንዝ ጋራ ተቀላቅሎ ወደ ዐባይ ይሄዳል፤ ወደ ምሥራቅ የወረደው ወደ ዐዋሽ ገብቶ በአፋር በረሓ ይቀራል። አንድ ጣራ በሁለት ወገን ጠፈጠፍ እንደሚያወርድ ያለ ነው።

መንገዳችን ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፥ ከዚያም ወደ ጣርማ በር ነበረ። ከጣርማ በር ላይ ዋናውን ጐዳና ትተን መዘዞንና ሞላሌን አልፈን ማታ መሐል ሜዳ ገብተን አደርን። እንግዲህ «ያንድ ቀን መንሸራሸር» ስንል ጓሳ የምንውልበትን ቀን ማለታችን ነው እንጂ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዚያው ቀን መመለስ አይቻልም፤ የሚሞክረውም ሰው ከመኪናው መስኮት በቀር ሌላ ነገር አያይም።

የነበርነው ስድስት ሰዎችና አንድ ሾፌር ነን። እኛና ባለቤታችን፥ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጃችን፥ በደብረ ብርሃን መምህር የሆነ አንድ ወዳጃችን፥ እንዲሁም በዕድሜም በማዕርግም የምናከብራቸው አንድ አዛውንት ዘመዳችንና የዐሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው ነበሩ። አዛውንቱ በከፍተኛ ሹመት ላይ ብዙ ዘመን ያገለገሉ፥ ትውልዳቸውም ከመንዝ የሆነ ሰው ናቸው። ደብረ ብርሃን ከሚገኘው ቤታቸው ሄደን ስንወስዳቸው ልጁ ቡቺ የሚባል ቡችላ በክንዱ አቅፎ ወደ መኪናው ገባ። አያትየው፥ «ያለ እርሱ አይሄድም፤ እኔም አልከለከልሁትም» አሉ።

አሁን ኀፍረታችንን እንናገር። ለጕዞው ስንሰናዳ የስፍራውን ሥርዓት ጠይቀን ነበር፤ ወደ ጓሳ ውሻ ይዞ መግባት እንደማይፈቀድ በደብዳቤ ተነግሮናል፤ ደብዳቤውም በዚያች ሰዓት በኪሳችን ነበረ። ነገር ግን አዛውንቱን እንዲህ ነው ለማለት አፋችን አልከፈት አለ። ይሉኝታ ያዘን፤ ደግሞም «ቡችላ ነው፤ ማን ያየዋል?» ስንል ራሳችንን አታለልን። በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ከሃያ ዓመት በላይ የሰውን ቃል ሳንጨምር ሳንቀንስ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች፥ የተጻፈ ቃል በኪሳችን ይዘን ዝም ማለታችን ሲታሰበን ዛሬም ፊታችን ይቀላል።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ከመሐል ሜዳ ተነሥተን ወደ ምሥራቅ ሄድን። ውርጩ በሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ መስሎ ይታይ ነበር። ከጥበቃው ስፍራ ስንደርስ መንገድ መሪያችን ጋቢ ተከናንቦ፥ ዱላውን ተደግፎ ቆሞ ጠበቀን። ዕድሜው ሠላሳ ቢሆነው ነው። እያንዳንዳችንን እጅ ነሥቶ ሰላምታ ከሰጠ በኋላ ዓይኑ ቡችላው ላይ ዐረፈ።

«ጌታዬ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ውሻው አይገባም» አለ።

አዛውንቱ ከላይ እስከ ታች አዩትና፥ «አንተ ልጅ፥ የማን ልጅ ነህ?» ብለው ጠየቁት።

«በአባቴ የጌራ፥ በእናቴ የአስቦ ልጅ ነኝ ጌታዬ።»

«እንግዲያማ ይህ መሬት ርስታችን እንደ ሆነ ታውቃለህ። እኛም የጌራ ልጆች ነን። በገዛ ርስታችን ላይ ውሻችንን ማን ይከለክለናል?»

ወጣቱ ራሱን ዝቅ እንዳደረገ፥ ድምፁን ግን ሳያነሣም ሳይጥልም፥ «ርስትዎ ስለ ሆነ ነው ጌታዬ። እንግዳ ቢሆኑብኝ ኖሮ አላወቁም ብዬ አዝንልዎ ነበር። የርስቱ ባለቤት ከሆኑ ግን ከእኔ ይልቅ የሚከለክሉት እርስዎ ነዎት» አለ።

አዛውንቱ አልመለሱለትም። ልጁ ቡችላውን ወደ ደረቱ አስጠጋና ዕንባው ወረደ። መንገድ መሪው በልጁ ፊት በርከክ ብሎ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ነገረው። በባሌ ተራራ ላይ በ2003 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ይኸው በሽታ ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ተሻግሮ በአንድ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኞቹን እንደ ፈጀ፥ በዓለም ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች ሁሉ ቢቈጠሩ አምስት መቶ እንደማይሞሉ፥ ቡችላውም ክትባት እንዳልወሰደ ከልጁ አፍ ሰማ። ልጁ ሁሉንም አዳመጠ፤ ቡችላውን ግን አለቀቀም። አዛውንቱም፥ «እናንተ ሂዱ፤ እኛ ከዚህ እንቀመጣለን» ብለው ወደ መኪናው ተመለሱና በሩን ዘጉ።

እኛም ሄድን። ሌላ ማድረግ ይገባን እንደ ሆነ ዛሬም አናውቅም፤ ብቻ የመጀመሪያዋን ሰዓት ከፊታችን ያለውን ሳይሆን ከኋላችን የቀረውን መኪና እያሰብን ነበር የተራመድነው።

መንገድ መሪውም ይህን ያወቀ ይመስለናል፤ ወሬውን ከሩቅ ጀመረው። የጓሳ አቅኚ አባቶች አስቦና ጌራ ሁለቱ በፈረስ ግልቢያ መሬቱን እንደ ተካፈሉ፥ ከእነርሱም የተወለዱት ወገኖች ጓሳውን በጋራ ይዘው ቀሮ በሚባል ሥርዓት እንደ ጠበቁት ነገረን። ሥርዓቱ ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ጀምሮ የቈየ ነው ይባላል። አለቃው አባ ቀራ ወይም አፈሮ ይባል ነበር፤ የሚመርጡትም ባለመብቶቹ ናቸው። ሣሩ እስኪጠና ድረስ ጓሳው ለሦስት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ማንም ማጭድ ይዞ አይገባም፥ ከብትም አያሰማራም። ሲከፈት በበጋው ነው፤ ቀኑም በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገራል። ከዚያ ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል፤ ክረምቱ ሲገባ ሐምሌ 5 ቀን፥ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት ዕለት፥ እንደ ገና ይዘጋል።

የዚህን ሣር ጥቅም በከተማ ያደገ ሰው አያውቀውም። የመንዝ ቤት ጣራ የሚከደነው በርሱ ነው፤ ገመድም ይገመድበታል። እረኛ ከዝናብ የሚጠለልበት ገሳ የሚባለው ልብስም ከጓሳ ሣር ይሠራል። ልጃችን አንድ እረኛ ገሳውን ለብሶ ከሩቅ ስታየው ትንሽ ጐጆ የሚሄድ መስሎአት ደነገጠች። ያለዚህ ሣር በዚህ ብርድ አገር መኖር ችግር ነው፤ ስለዚህም ጥበቃው ለጌጥ የተደረገ አልነበረም። አውሬው የተረፈው ሣሩ ስለ ተጠበቀ ነው።

እኛ በሥራችን የርስት ክርክር ያለበት መዝገብ ብዙ አይተናል። ወንድም ከወንድሙ ስለ አንድ ጥማድ መሬት ሲከራከር ልጅ አድጎ የልጅ አባት ሲሆን ታዝበናል። ስለዚህ ብዙ ሺህ ሰው አንድን መሬት ሳይካፈል፥ ሳያርስና ሳይሸጥ ይህን ያህል ዘመን መኖሩን ስንሰማ፥ «ሙግት አልነበረም?» ብለን ጠየቅነው።

«እንዴት አይኖርም?» አለን እየሣቀ። «ነገር ግን ሙግቱ ሣሩ የማን ነው በሚለው ነበር እንጂ ሣሩ ይጥፋ በሚል አልነበረም።»

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው ተብሎ ሲታወጅ የቀሮ ሥልጣን ፈረሰ። አባ ቀራ የሚያዝዘው ሲቀር ቀድሞ መብት ያልነበረው ሁሉ ገባ፤ ማጭዱም ከብቱም በዛ። የአገሩ ሰዎች ግን ነገሩን ጨርሰው አልተዉትም፤ በየቀበሌያቸው ተሰብስበው ለጊዜው በሚስማማ መልክ ጥበቃውን እንደ ገና አቋቋሙ። በ2012 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠርም የአማራ ክልል ስፍራውን የኅብረተ ሰብ ጥበቃ ቦታ ብሎ በደንብ አጸናላቸው። ይህን ጕዳይ ባጭሩ የምናልፈው ጥቅም ስለሌለው አይደለም፤ ከአዋጅ በፊት የነበረን ልማድ በአዋጅ ማጽናት ከጸሐፊ ቀለም በላይ የሆነ ሥራ በመሆኑ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋል ብለን ነው።

ፀሓይ ሞቅ ስትል ከአፋፉ ደረስን። ደመናው ገና አልተነሣም ነበር። መንገድ መሪው ሁላችንንም ከገደሉ ጫፍ አሥር ርምጃ ያህል ወደ ኋላ አስቀመጠንና ዝም በሉ አለን። ባለቤታችን ምሳውን ልትፈታ እጇን ወደ ዘንቢሉ ስትዘረጋ፥ «እመቤቴ፥ ጥቂት ይታገሡኝ» ብሎ ከለከላት። ጥቂት ቈይቶ ከገደሉ ውስጥ የሰው ጕርምርምታ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያም ጭላዳዎቹ ከደመናው ውስጥ አንድ በአንድ እየተንጠለጠሉ ወጡ።

ጭላዳ ሌሊቱን ከገደል ላይ ያድራል፤ ጧት ወጥቶ ሣር ሲነጭ ይውላል። እንደ ሌላው ዝንጀሮ በዛፍ ላይ ፍሬ የሚፈልግ አይደለም፤ ቍጢጥ ብሎ በሁለት እጁ ሣሩን እየነቀለ ወደ አፉ ያስገባል፤ አሠራሩ ጐመን የምትቀነጥስ ሴትን ያስመስለዋል። ወንዱ በትከሻው ላይ የተዘረጋ ረጅም ጠጕር አለው፤ ደረቱም ላይ ቀይ ገላጣ ምልክት ይታያል። የጭላዳ ዘመዶች በጥንት ዘመን በብዙ የአፍሪቃ አገር ይኖሩ እንደ ነበረ ከመሬት የወጣው አጥንት ይመሰክራል፤ ዛሬ የቀረው ግን ይኸው ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው ብቻ ነው። በጓሳ ያሉትን ከአሜሪካ የመጡ ሊቃውንት ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በየዕለቱ እየተከተሉ ሲመረምሩአቸው ስለ ኖሩ፥ ከመንጋዎቹ አንዳንዱ ከሰው አይሸሽም። አንዲት እናት ልጇን ከሆዷ ላይ አጣብቃ ከኛ አምስት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጣ ሣሯን ስትነጭ ዋለች፤ እኛን ከድንጋይ አስበልጣ አልቈጠረችንም።

መምህሩ ወዳጃችን ከቂጣው ቈርሶ ሊወረውርላት እጁን ሲያነሣ መንገድ መሪው እጁን ያዘው። ሰው የሚያበላው አውሬ ነገ የገበሬውን ገብስ ይገባል፥ ከዚያም ገበሬው ድንጋይ ያነሣል፤ ነገሩ የሚጀምረው ከዚህች ቍራሽ ነው አለው። መምህሩም ቂጣውን ራሱ በላው።

ቀበሮውን ያየነው ወደ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ስሙ ቀይ ቀበሮ ይባል እንጂ ሊቃውንቱ ወገኑን ከተኵላ ይቈጥሩታል። እግሩ ረጅም፥ መልኩ እንደ ሸክላ ቀይ፥ አንገቱ ሥር ነጭ ነው። በመንጋው መካከል እየቀሠሠ ሲያልፍ ጭላዳዎቹ አልጮኹም፤ ግልገሎቻቸውንም አላሸሹም፤ እርሱም ወደ ግልገሎቹ ዞር ብሎ አላየም። የሚፈልገው አይጥ ነው። በጓሳ የተደረገና በ2007 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ እንዳስረዳው፥ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ ውስጥ ሆኖ ሲያድን ከመቶ ሙከራ በ67ቱ አይጥ ይይዛል፤ ብቻውን ሲሆን ግን በ25ቱ ብቻ ይቀናዋል። ቀበሮው ይህን በማወቁ ሳይሆን አይቀርም ከጭላዳ ጋራ በሰላም መዋልን የመረጠው። እኛም ተነፍሰን ሳንጨርስ ዘለለ፥ አፈሙዙን ከሣሩ ውስጥ ቀበረ፥ አንድ አይጥ አንሥቶ ዋጠና አፉን ላሰ።

ይህን ጊዜ ልጃችን ቀስ ብላ፥ «ልጁ ይህን ሳያይ ቀረ» አለች።

ከዚያ በኋላ ከእኛ መካከል የተናገረ የለም። መንገድ መሪው ግን ቀና ብሎ ፀሓይን አየና፥ «እናንተ ምሳችሁን ብሉ፤ እኔ ወደ ታች ደርሼ ልምጣ» ብሎ ሄደ። ማንም አልላከውም።

እርሱ እስኪመለስ ድረስ ለባለ ቤቶች የሚጠቅመውን ጥቂት ምክር እናስቀድም። ወደ ጓሳ የሚሄድ ሰው የሚለብሰውን በአዲስ አበባ አየር አይገምት፤ ጧት ውርጭ ነው፥ በቀትር ፀሓይዋ ቆዳ ትልጣለች፥ ከሰዓት በኋላ ጭጋግ ከገደሉ ተነሥቶ ልብስን ያረጥባል። እኛ ከመሐል ሜዳ ከገበያ የገዛናት የመንዝ ባና ከውጭ አገር ከመጣው ካፖርታችን ይልቅ ጠቀመችን። ከፍታው ስለሚያደክም ሽማግሌና ልብ ሕመምተኛ አስቀድሞ ሐኪም ሳያማክር አይውጣ፤ ልጆችም እንዳይሮጡ ይነገራቸው። ከምግብ ወገን በሶና ቆሎ ከወጥ ይሻላሉ፤ አይፈሱም፥ አይቀዘቅዙም። የበሉበትን ወረቀትና ጠርሙስ ሁሉ ሰብስቦ ይዞ መመለስ ግዴታ ነው። የሰዎቹም ቍጥር ከስምንት ባይበልጥ መልካም ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ኋለኞቹ የፊተኞቹን ጀርባ ብቻ ያያሉ፥ ጫጫታውም አውሬውን ያባርራል። መንገድ መሪው የአገሩ ሰው ይሁን፤ የሚከፈለውም ገንዘብ ሳይከራከሩ በሥርዓቱ ይከፈል። በመጨረሻም፥ በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ስለ ተነሣ፥ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ ሰው የመንገዱን ሰላም አስቀድሞ ከሚያውቁት ይጠይቅ።

ምሳችንን የበላነው በጅብራ ጥላ ሥር ነው፤ ጥላ ማለት ቢቻል። ጅብራ ብዙ ዓመት በቅጠል ብቻ ይኖርና አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አበባ አውጥቶ ይሞታል። ባለቤታችን፥ «እንዲህ ያለ ዛፍ በግቢያችን ብንተክልስ?» ብላ ነበር፤ የሚያብብበትን ዘመን ስትሰማ ተወችው።

ጭጋጉ መነሣት ሲጀምር ሦስት ሰዎች በሣሩ መካከል ሲመጡ አየን። ፊተኛው መንገድ መሪው፥ ሁለተኛው ልጁ፥ ኋለኛው በትራቸውን ይዘው ቀስ እያሉ የሚራመዱት አዛውንቱ ነበሩ። ቡችላው አልነበረም። ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ኋላ ሾፌሩ ነገረን። እኛ ከሄድን በኋላ ልጁ ብዙ ሰዓት ሳይናገር ተቀምጦ፥ በመጨረሻ አያቱን፥ «አባባ፥ ቡቺ በሽታው ቢኖርበትስ?» ብሎ ጠየቃቸው። አዛውንቱ፥ «የለበትም» አሉት። ልጁም፥ «እንደሌለበት በምን እናውቃለን?» አለ። አዛውንቱ ለዚህ መልስ አላገኙለትም፤ ሾፌሩን ጠርተው ቡችላውን መሐል ሜዳ ወስዶ ካደርንበት ቤት እንዲያስረው አዘዙት። ሾፌሩ ተመልሶ ሲመጣ አዛውንቱ አሁንም ከደጃፉ እንደ ተቀመጡ ነበሩ፤ ያለ መሪ መግባት እንደማይገባ ዐውቀው መሪው እስኪመጣ ጠበቁ።

አዛውንቱ ከአጠገባችን ሲደርሱ ተቀመጡና ትንፋሻቸው እስኪመለስ ድረስ ቈዩ። ከዚያ ወደ እኛ ዞር ብለው፥ «አንተ ይህን ሥርዓት አስቀድመህ ታውቅ ኖሮአል?» አሉን።

ደብዳቤውን ከኪሳችን አውጥተን ሰጠናቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ አጥፈው መለሱልንና፥ «ጸሐፊ ሆነህ!» አሉን። ከዚህ ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ቢጨምሩ ኖሮ ይቀለን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የልጁ ነበረ። ቀበሮው ወደ ሌላ ወገን ሄዶ ስለ ነበር መንገድ መሪው በአንድ ጉብታ ላይ አውጥቶ ከሩቅ አሳየው፤ በመነጽር እስከሚጠፋ ድረስ ተመለከተው። ልጁ ከሁሉ ይልቅ የተገረመው ግን በሌላ ነገር ነው። ቀይ ቀበሮ በስሜን፥ በወሎ፥ በጓሳ፥ በአርሲና በባሌ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ብቻ እንደሚኖር፥ በመካከሉ ያለው አገር ሁሉ እርሻና ቆላ ስለ ሆነበት ካንዱ ተራራ ወደ ሌላው መሻገር እንደማይችል መንገድ መሪው ሲነግረው፥ ልጁ ከታች ያለውን ደመና በእጁ እያመለከተ፥ «እንግዲህ ደሴት ላይ ነው ያለው» አለ። መምህሩ ወዳጃችን ይህን ቃል በደብተሩ ጻፈው። ሊቃውንትም እንዲህ ያሉትን ተራሮች ደሴት ብለው እንደሚጠሩአቸው ልጁ አላነበበም።

አዛውንቱና መንገድ መሪው ከኋላ ሆነው የትውልድ ነገር ጀምረው ነበር። በመንዝ ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ዝምድናቸውን ሳይቈጥሩ መለያየት ነውር ነው። ማታ ከሣር ቤቱ ውስጥ እሳት ዙሪያ ስንቀመጥ አዛውንቱ ጠሩንና፥ «በል አሁን ጻፍ» አሉን። እርሳቸው ከአንድ ወገን፥ ወጣቱ ከሌላ ወገን አባት አያቱን ሲጠሩ፥ እኛ በደብዳቤው ጀርባ ላይ ስሙን እያስከተልን ጻፍን፤ ሌላ ወረቀት አልነበረንም። በሰባተኛው ቤት ላይ አንድ ስም ከሁለቱም አፍ ባንድነት ወጣ። አዛውንቱ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «ታዲያ ጧት ለምን አልነገርኸኝም?» አሉት።

«ጧትማ ዘመድነቴን ብናገር ኖሮ ውሻውን እንዳሳልፍ ይለምኑኝ ነበር ጌታዬ» አለ።

አዛውንቱ ከልባቸው ሣቁ። ስንነሣም ከትከሻቸው ላይ ያለውን በርኖስ አውልቀው ሊያለብሱት ቃጡ፤ እርሱ ግን ደመወዙን ከማኅበሩ እንደሚቀበል ተናግሮ እጅ ነሥቶ መለሰላቸው። አዛውንቱም አላስገደዱትም።

ወደ ደብረ ብርሃን የተመለስነው በማግስቱ እሑድ ነው። ልጁ ቡችላውን በጭኑ ላይ አስተኝቶ መንገዱን ሁሉ ሲጠይቀን መጣ፤ የእንስሳት ሐኪም ቤት የሚከፈተው በስንት ሰዓት እንደ ሆነ፥ መርፌውም ያሳምም እንደ ሆነ። ሰኞ ጧት አያቱ ራሳቸው ይዘውት ሄደው አስከተቡት።